ሩብ ዙር

ጋሼ ክፍሌ ማረፋቸውን የሰማሁት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ምስር ከምገዛበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ባለሱቋ ከረጢቱን እያሰረች፣ "የቧንቧው ጴንጤ አረፉ አሉ፤ ሰማሽ?" አለችኝ።

"ማን?" አልኩ፣ ማን እንደሆኑ እያወቅሁ።

"ጋሼ ክፍሌ ናቸዋ! ልባቸው ነው አሉ። ልጃቸው ጋር ግሌንዴል ሄደው፣ እዚያው ሶፋ ላይ እንደተቀመጡ።"

ወጣሁ። ምስሩን እንኳ ረስቼው ባለሱቋ ፓርክ እስካደረግሁበት ድረስ ተከትላ ነው ያመጣችልኝ። ቤቴ ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ከሲንኩ ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፈትኩና ተንበርክኬ የቧንቧዋን ማጥበቂያ ዳዶ በደረቅ ሶፍት ዙሪያዋን ጠረግኳት። ሶፍቱ አልረጠበም። "ነፍስ ይማር" ያልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ያሳፍረኛል፤ እሳቸው ቢያዩኝ ግን ይስቁ ነበር።

ጋሼ ክፍሌ ረጅም፣ ከሲታ፣ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ሲንክ ሥር ሲያጎነብሱ አንገታቸው እንደዚያው ቀርቶ ነው ይባል ነበር። አገር ቤትም ሙያቸው ይኸው ነበር፤ በእሳቸው ጊዜ በቧንቧው ጥርስ፣ በክሩ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ቴፕ ሳይሆን ቃጫ እንደነበረ ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል። ሚድ ሲቲ ውስጥ የምንኖር ሐበሾች ግማሾቻችን ፍሪጃችን ላይ የለጠፍነው የእሳቸውን ስልክ ነው። ቤት ሲገቡ በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ከዚያ ምንም ሳይነኩ ጥቂት ቆመው ያዳምጣሉ። "ሐኪም ሳይጠይቅ አይቆርጥም" ይላሉ። ሲሠሩ መዝሙራቸውን በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ እኔ ቤት ሲሆኑ ደግሞ ሥዕለ ማርያም ከሰቀልኩበት ክፍል ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉታል። ረቡዕና ዓርብ ከመጡ ሻይ በወተት ባቀርብላቸውም አይጠጡም። "የአንቺን ጾም በአንቺ ቤት አልሽርም" ይሉኛል። ወተቱን የማቀርበው እንግዳ ናቸው ብዬ ነበር።

የተዋወቅነው በጥፋቴ ነው። እኔ ጥንቁቅ ሴት ነኝ፤ በር ቆልፌ፣ ደረጃ ወርጄ፣ ተመልሼ መቆለፉን የማይ፣ አውቶቡስ ጣቢያ ደርሼ ስለ ምድጃው የምጨነቅ። ሥራዬ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል ውስጥ ነው፤ አንሶላ ማጠፍ። እዚያም ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ እንደገና እዘረጋዋለሁ። ታዲያ አንድ ሰሞን ሲንኬ ሥር ያለው ቱቦ ማላብ ጀመረ። የሕንፃው ማኔጀር ነገ ዛሬ ሲል፣ እኔ ሄጄ ትልቅ መፍቻ ገዛሁ። ዳዶው ላይ ነጩን ቴፕ ጠመጠምኩ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ከዚያም እግሬን ግድግዳ ላይ ተክዬ በሁለት እጄ፣ በስመ አብ ብዬ አጠበቅሁት። በማግስቱ ከሥሩ ያስቀመጥኩት ድስት ሞልቶ ፈሷል።

ጋሼ ክፍሌ መጥተው ሲንኩ ሥር በጀርባቸው ተኝተው ገቡና ከውስጥ ድምፃቸው ተሰማኝ።

"ይህን ማን ነው ያጠበቀው?"

"እኔ ነኝ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"እግዚአብሔር ይይልሽ! ሁለት ጎረምሳ የታገለው ነው የመሰለኝ።"

ፈትተው ሲያወጡት ከዳዶው ውስጥ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት በመዳፋቸው አሳዩኝ። ተድጣ፣ አንድ ጎኗ ተበጥሷል።

"ውኃውን የሚይዘው ይህች ላስቲክ ናት እንጂ ጉልበትሽ አይደለም" አሉኝ። "ላስቲክ ባለበት ደግሞ ቴፕ ምን ይሠራል? ቴፕ ላስቲክ ለሌለው፣ ክር ለክር ለሚገጥም ብረት ነው። እሱም በምታጠብቂበት አቅጣጫ ይጠመጠማል፤ አለዚያ ስታዞሪው ይተረተርብሻል።"

"ላልቶ የሚያፈስ መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።"

"ላልቶ የሚያፈስ አለ። በዝቶበት የሚያፈስም አለ። የላላውን ትንሽ ብትጨምሪለት ይድናል። የተሰነጠቀውን ግን ጥለሽ ሌላ ነው የምትገዢው።" አዲሱን ቱቦ ሰጡኝ። "ነይ፣ አንቺ ግጠሚው።"

"እኔ?"

"የነገውን አንቺው ልትነኪው አይደል? መጀመሪያ በእጅሽ። ክሩ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ከታገለሽ ተንጋዷል ማለት ነው፤ መልሰሽ ጀምሪ። እ... እስኪቆም። ቆመ? አሁን መፍቻውን አምጪ። ሩብ ዙር። የሰዓት ዘንግ ከላይ ተነሥታ ወደ ጎን እስክትተኛ። በቃ።"

"በቃ?"

"በቃ።"

"ትንሽ ልጨምር?"

"ለምን?"

"ለጥንቃቄ።"

ተኝተው እንዳሉ አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። "ጥንቃቄ ማለት እኮ በቃ ሲባል መተው ነው። ካፈሰሰ በኋላ ትንሽ መጨመር ትችያለሽ። ያበዛሽውን ግን መልሰሽ አትወስጂውም።"

ከዚያ ውኃውን ከፈቱ፤ በጣቴ ልዳብስ ስል እጄን መልሰው ደረቅ ሶፍት አስያዙኝ። "እጅሽ እርጥብ ነው፣ ይዋሻል። ሶፍት አይዋሽም።" ሶፍቱን በመገጣጠሚያው ዙሪያ አዞርኩት። ደረቅ ወጣ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ለሰው ብናገር ይስቅብኛል።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው በአፌ ያቆሰልኳቸው።

ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ የምንጣፍ መጋዘን የነበረ ሕንፃ ነው። ከቅድስቱ አጠገብ፣ ሴቶች በምንቆምበት በኩል ካለው ግድግዳ ጀርባ፣ ጸበል ጻድቅ የሚዘጋጅበት ወጥ ቤት አለ። ጾመ ፍልሰታ ሊገባ ሲል የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተበላሸ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም የሠፈሩን ሁሉ ሙያተኛ ስለሚያውቁ ጋሼ ክፍሌን ጠሩ። ጋሼ ክፍሌ ግድግዳውን ከፍተው፣ አሮጌውን የብረት ቧንቧ ከአዲሱ ፕላስቲክ ጋር በሚያገናኘው መገጣጠሚያ ላይ ይሠራሉ። እኔ ከኋላቸው ሽንብራ እለቅማለሁ። አባ ሲገቡ ቀስ ብዬ ተጠግቼ፣ በጣም በቀስታ፣ እንዲህ አልኩ፦

"አባ፣ ከቅድስቱ ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ነው። የጴንጤ እጅ ስለነካው ጠበል ቢረጩበትስ?"

በክፋት አልተናገርኩትም። በር ሁለት ጊዜ እንደመቆለፍ ነበር የቆጠርኩት፤ ለጥንቃቄ። አባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወጡ። የጋሼ ክፍሌ ማንጎራጎር ግን ቆሟል። መፍቻው ሲዞር አየሁት። መቁጠር እሳቸው ራሳቸው አስተምረውኝ የለ? ሩብ፣ ግማሽ፣ እንደገና ግማሽ፣ ከዚያም ሌላ። ፕላስቲኩ ድምፅ አሰማ፤ ጥርስ ሲፋጭ የመሰለ። እኔ ሽንብራዬን ለቀምኩ።

ውኃውን ከፈቱ፣ ሶፍት አዞሩ። ደረቅ ነበር። "ሳምንት ሳይታይ ባይሸፈን ጥሩ ነው" አሉ፤ ነገር ግን ጾሙ ነገ ሊገባ ነው፣ ዲያቆናቱ ቸኩለዋል። እንደ ወትሯቸው ቆመው አልተከራከሩም። ፎጣቸውን አጥፈው ሄዱ፤ ግድግዳው ያን ምሽት ተዘጋና ተቀባ።

ፍልሰታ ለእኛ ትልቅ ሱባኤ ነው። እኔም ፈረቃዬን አስለውጬ በየቀኑ ኪዳን ደርሼ፣ ቅዳሴ አስቀድሼ ነው የምመለሰው። በስድስተኛው ቀን ከእመቤታችን ሥዕል በታች ያለው ግድግዳ ወዛ። በነሐሴ፣ ሎስ አንጀለስ የዝናብ ጠብታ በማታውቅበት ወር! አንዷ እልል አለች፤ ሌላዋ ተንበረከከች። "ጠበል ፈለቀ!" ተባለ። በማግስቱ ሴቶች ጥጥ እያስነኩ ወደ ጠርሙስ ይጨምቁ ጀመር። እኔም አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ሞላሁ።

ልቤ ግን ያውቀው ነበር። ከግድግዳው ጀርባ ምን እንዳለ፣ መፍቻው ስንት ጊዜ እንደዞረ ከእኔ በቀር ያየ የለም። በአንድ በኩል፣ ምናልባት የእመቤቴ ተአምር ቢሆንስ፣ ምን ነክቶኝ እክዳለሁ እላለሁ። በሌላ በኩል፣ ቧንቧ ነው ካልኩ ለምን እንደተሰነጠቀ ልጠየቅ ነው። ሁለት ቀን ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ብርነሽ አጠገቤ ተቀመጡ። እትዬ ብርነሽ ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው ውስጥ ግፊት ያለባቸው እናት ናቸው፤ ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ጠብታ ካላደረጉ ብርሃናቸው እንደሚጠፋ ነግሯቸዋል። ከግድግዳው የጨመቁትን ውኃ ዓይናቸው ውስጥ እያንጠባጠቡ፣ "አስካለ፣ ብርሃን ብርሃን አለኝ" አሉኝ። "ያንን የሐኪም ጠብታ ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ሁለት ጌታ አላመልክም።"

ዓይናቸውን አየሁት። ቀልቷል። ውጪ ወጥቼ ጋሼ ክፍሌ ጋ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ ያ ግድግዳ አልቧል።"

"መቼ?"

"ሦስት ቀኑ። ሰዉ ጠበል ነው እያለ እየተቀባው ነው። እትዬ ብርነሽ ዓይናቸውን እያጠቡበት ነው፤ መድኃኒታቸውንም ተዉ።"

"መጣሁ" አሉ።

መጥተው ለአባ በሹክሹክታ ነገሯቸው። የውኃውን መቆጣጠሪያ ዘጉ፤ ግድግዳውን አደረቁት። አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ደረቅ ነው። ከፈቱት። ሶፍት ሲለጥፉበት ራሰ። አባ ግንባራቸውን ይዘው ተቀመጡ።

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አሉ አባ።

"የለም፣ አባ። የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ እጅ ሥራ ነው። እኔው ልናገር።"

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ወደ አዳራሹ ሲወጣ ጋሼ ክፍሌ በወጥ ቤቱ በኩል ግድግዳውን ከፍተው ያንን መገጣጠሚያ አወጡት። ባዶ እግራቸውን፣ ፎጣቸው ትከሻቸው ላይ፣ መሐል ቆሙ። ፕላስቲኩን ከፍ አድርገው አሳዩ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችበት።

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህንን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ማጥበቅ ከሚገባኝ በላይ አጠበቅሁት። የሚወርደው ውኃ ከዚህ ነው።"

አዳራሹ ተንጫጫ። "ጴንጤ አይደሉ? ምን ይበሉ ታዲያ!" አለች አንዷ። "ለእመቤታችን ክብር የላቸውም!" አለች ሌላዋ። ጋሼ ክፍሌ መልስ አልሰጡም። በቀጥታ ወደ እትዬ ብርነሽ ሄደው በጉልበታቸው ቁጭ አሉ።

"እትዬ፣ ይህ ውኃ በአሮጌ ግድግዳ ውስጥ፣ በአሮጌ ቀለም ላይ የከረመ ነው። ዓይንዎን ይጎዳል። ጸሎትዎን አልነካሁም፤ የነካሁት ቧንቧዬን ነው።"

"አንተ፣ ታዲያ ስንት ግድግዳ እያለ ለምን ከእመቤቴ እግር ሥር ፈሰሰ?"

"እሱን አላውቅም፣ እትዬ። እኔ የማውቀው ከየት እንደፈሰሰ ብቻ ነው።"

እትዬ ብርነሽ አለቀሱ። አንዲት ሴት ተስፋዋን በሰው ፊት ሲቀሟት ማየት ከባድ ነው፤ እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ያኔ አባ ንጹሕ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን አስመጡ፤ ጸሎት አደረሱበት፤ በመስቀላቸው ባረኩት። "ጠበሉ ይኸውልሽ፣ እናቴ" አሏቸው። "ይህንን ትጠጪያለሽ። ጠብታሽንም ታደርጊያለሽ። ሁለቱም ከአንድ ጌታ ነው።" እትዬ ብርነሽ ጠጡ። ቦርሳቸውን ከፍታ ጠብታውን እዚያው ያደረገችላቸው የልጃቸው ሚስት ናት። ቀኝ ዓይናቸው ሦስት ሳምንት ሲያመረቅዝ ከርሞ ዳነ።

በማግስቱ ጋሼ ክፍሌ ግድግዳውን ሊዘጉ ሲመጡ መብራት ልያዝላቸው ብዬ ሄድኩ። ቦታውን በሙሉ አልዘጉትም፤ ትንሽ የእንጨት በር ሠሩለት፣ ማንም ከፍቶ መገጣጠሚያውን እንዲያየው። በሩን ሲገጥሙ መብራቱን ጠጋ አደረግሁላቸው።

"ጋሼ፣ ያን ቀን ለአባ ያልኩትን ሰምተዋል?"

ብሎኑን ማዞር አላቆሙም። "ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገሩም?"

"ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ውኃው ነበር፤ ስለ ቧንቧው ነገርኳቸው።"

"በእኔ ምክንያት ነው እኮ ያበዙት።"

"መፍቻውን አንቺ አልያዝሽም። እኔ ነኝ የያዝኩት።" ሌላ ብሎን አንስተው፣ "ሩብ ዙር ይበቃን ነበር። አንቺም አበዛሽ፣ እኔም አበዛሁ። በይ አሁን በሩን ወደ ላይ ደገፍ አድርጊልኝ፣ እየተንጋደደ ነው" አሉኝ።

ይቅርታ አልጠየቅሁም። ማለቴ፣ ቃሉን አላወጣሁትም። በሩን ደገፍኩ።

ሥራቸው ግን ቀዘቀዘ። ግማሹ "ተአምር የሚክዱ" ብሎ ተዋቸው፤ ግማሹ ደግሞ "እሳቸው የገጠሙት ቧንቧ ያፈሳል" ብሎ ስልካቸውን ከፍሪጁ ላይ ነቀለው። የሰው ነገር ይገርማል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚሉም ነበሩ። እሳቸው በፊት እንደሚያደርጉት ፌርፋክስ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ "አስካለ፣ ሲንክሽ እንዴት ነው?" ይሉኛል እንጂ ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንስተው አያውቁም።

በዓመቱ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነበር። አንዷ እኅት እንጀራዋን እየጠቀለለች፣ "የእኔ ሻወር ሲያፈስ ማንንም ልጥራ፣ እኚያን ሰውዬ ግን አልጠራም" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ጽዋውን አስቀመጥኩና ተነሣሁ። በሰው ፊት መናገር አልወድም።

"የጋሼ ክፍሌ እጅ አፍስሶ አያውቅም" አልኩ። "ያን ቀን እጃቸውን ያናወጠው የእኔ አፍ ነው።" ከዚያም ምን እንዳልኩ፣ ሽንብራ እየለቀምኩ እንዴት መፍቻውን እንደቆጠርኩ፣ ሁለት ቀን እንዴት ዝም እንዳልኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከጥግ በኩል እትዬ ብርነሽ፣ "እኔስ ዓይኔን ላጠፋ ነበር፤ አንቺ ሁለት ቀን ዝም ብለሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ስልካቸውን ጻፊልኝ" አሉ በመጨረሻ። "የመታጠቢያዬ ቧንቧ ትንሽ ያንጠባጥባል።" ያንጠባጥብ እንደነበር እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ። ጋሼ ክፍሌ ግን ሄዱ፤ ከዚያ በኋላም ሌሎቹ አንድ በአንድ መደወል ጀመሩ።

የጋሼ ክፍሌ የቀብር ስንብት በጴንጤዎቹ አዳራሽ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ገብቼ ስለማላውቅ አባን "ልሂድ ወይ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እኔም እሄዳለሁ፣ አብረን ነን" አሉኝ። መስቀላቸውን በካባቸው ሥር ይዘው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የጋሼ ክፍሌ ባለቤት አቅፋኝ፣ "አስካለ አንቺ ነሽ? ሩብ ዙር የሚልሽ?" አለችኝ። ለካ ቤታቸው ውስጥ ስሜ እሱ ኖሯል።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ወጥ ቤቱን ልናጸዳ ሄድን። በየዓመቱ እንደማደርገው ትንሿን የእንጨት በር ከፈትኩ። ደረቅ ሶፍት አጠፍኩ፤ በመገጣጠሚያው ዙሪያ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከኋላ አዞርኩት። እትዬ ብርነሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

"እህ?" አሉ።

"ደረቅ ነው፣ እትዬ።"

"አምጪ፣ ራሴ ልየው።"

ሶፍቱን ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ሄዱ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሶፍቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ ገለበጡት፤ ሌላውን ገጽ አዩ፤ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ አራት አጥፈው ከመቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

"ደረቅ ነው" አሉ። "አየሁት።"